ታንከሩ በረዶ የዋጠ ዕለት

ካይሮ ውስጥ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምወደው ያንን ካራቫን መጠበቁን ነበር። እንደ ቤት የተሠራ ትልቅ መኪና ነው፤ አልጋ፣ መስታወትና ሽንት ቤት አለው። ድራማ በሚቀረጽበት ቦታ ይቆምና ተዋንያኑ ያርፉበታል፤ የእኔ ድርሻ ማጽዳት ነው። ከዚያ በፊት ሞሃንዲሲን በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት አዳሪ ሆኜ ስሠራ ለመውጣትም ፈቃድ፣ ለመተኛትም ፈቃድ ነበር። አሁን ግን ሲመሽ ካራቫኑን ቆልፌ ሐዳይቅ አል-መዓዲ ወዳለችው የኪራይ ክፍሌ እገባለሁ። የበሯ ቁልፍ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ የካራቫኑ ሽንት ቤት መሽተት ሲጀምር የፈራሁት ለአፍንጫዬ አልነበረም።

ኦልድ ካይሮ ቀረጻ ላይ ነበርን። ዋናዋ ተዋናይት በሩን ከፈተችና መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ተመለሰች። ሁላችንም ሐጂ የምንለው የካራቫኑ ባለቤት ወደ ጥግ ጠራኝ።

«ነገ ከሰዓት ትመለሳለች» አለኝ። «እስከዚያ ሽታው ካልጠፋ ኸላስ፣ አለቀ፤ ካራቫኑን ከሥራው አወጣዋለሁ። አንቺን ሞሃንዲሲን እህቴ ቤት አስገባሻለሁ፤ አዳሪ ሠራተኛ ትፈልጋለች።»

ውለታ የዋለልኝ መስሎት ፈገግ አለ።

በረኪና ደፋሁ፣ ሽቶ ረጨሁ። ጽጌረዳ የተነሰነሰበት ሽንት ቤት መሰለ እንጂ ምንም አልተለወጠም።

የካራቫኑ ሾፌር እዚሁ ካይሮ የተወለደ የኢትዮጵያውያን ልጅ ነው። በስልኩ መብራት በሽንት ቤቱ መቀመጫ ቀዳዳ ወደ ታች አየን። ከሥር ባለው የፍሳሽ ታንከር ውስጥ፣ ልክ ከቀዳዳው ግርጌ፣ ሾጣጣ ክምር ደርቆ ቆሟል።

«ያዕኒ ቱሪስቱ ሐረሙን፣ ፒራሚዱን ለማየት ጊዛ ድረስ ይሄዳል» አለ ሾፌሩ፤ «አንቺ እዚሁ ገንብተሽዋል።»

ያኔ ነገሩ ገባኝ፤ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ያደግኩት አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ነው። እኛ ቤት ሽንት ቤት የሚለቀቀው በአንድ ጣሳ ነው፤ ሁለተኛ ጣሳ ያነሳ ልጅ ይቆነጠጣል። ካራቫኑም ውስጥ ማጠቢያውን ነካ አድርጌ ነበር የምለቀው፤ ተዋንያኑንም ውሃ ቆጥቡ እል ነበር። ሐጂ ራሱ ውሃው በረከተ ብሎ አመስግኖኛል። ለካ ፍሳሽ መምጠጫው መኪና በመጣ ቁጥር ቀጭኑ እየወጣ ወፍራሙ ይቀር ኖሯል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያ ታንከር ሁለቱንም ያስንቃል።

ሾፌሩ በብረት እንውጋው አለ። ታንከሩ ፕላስቲክ ነው፤ ከተበሳ አለቀልን። ተቀምጬ ሳስብ የቤታችን ጀሪካን ትዝ አለኝ። ጀሪካን ውስጡ ሲሻግት እጅ ስለማያስገባ ጠጠርና ውሃ ጨምረን እንንጠዋለን፤ ጠጠሩ ፍቆ ፍቆ ያጸዳዋል። ግን ጠጠር እዚህ ከገባ ታንከሩ ውስጥ ቀርቶ መውጫውን ይደፍናል። የሚያስፈልገኝ ሥራውን ጨርሶ የሚጠፋ ጠጠር ነበር። ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ አንድ ዓሣ ሻጭ ዓሣው ላይ በረዶ ይበትናል።

የጀሪካኑን ነገር ለሾፌሩ ነግሬው አንድ ጆንያ በረዶ ይዘን ተመለስን። ጓንቴን አጥልቄ ውሃውን ለቀቅኩት፤ ያን ያህል ውሃ ሳፈስ እጄ እምቢ እያለኝ ነበር። የዕቃ ሳሙና ጨመርኩ፣ በረዶውን በላይ በላዩ ለቀቅኩበት።

«ጀሪካኑን ማን ሊንጠው ነው?» አለ ሾፌሩ።

«አንተ ነሃ። ንዳው፤ አንድም ጉብታ እንዳያመልጥህ።»

ማሌሽ፣ ግድ የለም እያለ መሪውን ጨበጠ። የካይሮ መንገድ ጉብታ አያልቅበትም፤ ስረግመው የኖርኩትን ጉብታ ያን ቀን መረቅሁት። በዘለልን ቁጥር በረዶው ከእግራችን ሥር ይንኳኳል፣ ከኋላ የማይክሮባስ ጥሩምባ ይጮህብናል። ሞሃንዲሲን የድሮ እመቤቴ ሰፈር ስንደርስ «እዚህ ጋ ጠንከር አድርገው» አልኩት። ጠንከር አደረገው።

በማግስቱ ጠዋት መምጠጫው መኪና መጣ። ወፍራሙ ቱቦ ተገጠመ፤ መጀመሪያ እንደ ወትሮው ቀጭኑ ፈሰሰ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ድንገት ቱቦው ዘለለ፣ አንጎራጎረና የከረመውን ሁሉ ይጋተው ጀመር። ውሃ እየለቀቅን ጥርት እስኪል ደጋግመን አጠብነው። በመብራት ሳየው ክምሩ የለም፤ የታንከሩ ወለል ይታያል። እልል አልኩ። ሾፌሩ በአፍረት ዞር ዞር ብሎ አየና እሱም አጨበጨበ። ከዚያ መውጫውን ዘጋሁና፣ ከእንግዲህ ምንም እንዳይጣበቅበት፣ አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉ ላይ አስተኛሁለት።

ከሰዓት ተዋናይቷ መጣች። በሩን ከፈተች፣ ትንሽ ቆመች፣ ገብታ ዘጋችው። አልወጣችም።

«እህቴን ምን ልበላት ታዲያ?» አለኝ ሐጂ።

«ሌላ ሰው ትፈልግ በላት።»

ሲመሽ በሜትሮ ሐዳይቅ አል-መዓዲ ገባሁ፤ በገዛ ቁልፌ በሬን ከፈትኩ። ሳያስፈልግ፣ እንዲሁ ደስ ስላለኝ፣ ባልዲውን ሞልቼ በገዛ ሽንት ቤቴ ቸለስኩት።