አሥራ ሁለተኛው እንቁላልና የአባባ የብረት እጅ

ዛሬ እየሠራሁት ያለው የሮቦት እጅ አሥራ ሁለተኛውን እንቁላል ጨፈለቀው። ጠረጴዛው አስኳል፣ ላፕቶፑ አስኳል፣ እኔም አስኳል።

ደክሞኛል ወገኖቼ። ሞተሩን ሳጠብቀው እንቁላሉ ይፈርጣል፣ ሳላላው ያመልጠዋል። ይህን ስሞክር ሦስት ወር ሆነኝ።

በጾም ይህን ያህል እንቁላል ስገዛ የደብረ ታቦር ገበያተኛ ሃይማኖቴን መጠራጠር ጀምሯል።

ከሰዓት አባባ ወርክሾፔ መጡ። አባባ በደርግ ጊዜ ዘምተው ቀኝ እጃቸውን ጦር ሜዳ ትተው የተመለሱ ገበሬ ናቸው። በእጃቸው ፋንታ ባለ ሁለት ጣት የብረት መቆንጠጫ ተገጥሞላቸዋል።

ትንሽ አዩና «ይኸ ብረት ራቁቱን ነው እንዴ የሚይዘው?» አሉኝ።

«ጉልበቱን እየቀነስሁለት ነው አባባ።»

«ጉልበቱን ተወው። ደረቅ ጣት ወይ ይጥላል ወይ ይሰብራል። የእኔን የበግ ቆዳ አልብሼው የለ?»

ያን ቆዳ ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ። ለጉና ተራራ ብርድ ይመስለኝ ነበር።

«ታዲያ የማረሻው እርፍ እንዳያመልጥዎ ነው?» አልኋቸው።

«እርፍማ በባዶ ብረትም ይያዛል። ከጦርነት ስመለስ አንተ አራስ ልጅ ነበርህ። እናትህ ልታሳቅፈኝ ስትል በብረቱ እንዳልወጋህ ፈርቼ ሸሸሁ። የመጀመሪያው ቆዳ የክርስትናህ ለት ከታረደው በግ ነው፤ እሱን ለብረቱ አልብሼ አቀፍሁህ።»

ሦስት ወር ሙሉ የፈለግሁት መልስ ለካ ሕፃን ሳለሁ አቅፎኝ ነበር።

እናንተስ ቤት ዕድሜ ልካችሁን እያያችሁት «ለምንድን ነው?» ብላችሁ ያልጠየቃችሁት ነገር የለም? አባት ያላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁና እዚህ ጻፉልኝ። እኔ የበግ ቆዳ ልፈልግ።