አሥራ ሁለት ልጃገረዶች የሚያድሩበት ቤት

ሳልጽፍ የማደርገው ነገር የለኝም። ገበያ ስሄድ እጽፋለሁ፤ ስመለስ የገዛሁትን እሰርዛለሁ፤ ከዚያ በትክክል መሰረዜን አያለሁ። የዞኑ ወረዳዎች የእግር ኳስ ዋንጫ ፍጻሜ እንጅባራ ላይ እንዲሆን ሲወሰን፣ የደጋፊዎች ማደሪያ ኮሚቴ ውስጥ የከተቱኝ ለዚህ ጠባዬ ነው። እንጅባራ አስተማሪ ነበርሁ፤ ትውልዴ ግን ዳንግላ ነው፤ ለዋንጫ የደረሰውም የዳንግላ ቡድን ነበር።

በግንቦት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ስለማይታመን ጨዋታው እሑድ ጧት በሦስት ሰዓት ተያዘ። ስለዚህ የዳንግላ ደጋፊ ቅዳሜ ገብቶ ማደር አለበት። ወንዶቹን በትምህርት ቤታችን ክፍሎች ደለደልኋቸው፤ ሰሌን አነጠፍሁ፣ ብርድ ልብስ ለመንሁ። እንቅልፍ የነሱኝ ከበሮ ይዘው የሚመጡት አሥራ ሁለት ልጃገረዶች ናቸው። አንዷ ታናሽ እህቴ ነበረች።

እህቴ ኳስ ትጫወታለች፤ ስትጫወት ያያት ሁሉ ቆሞ ይቀራል። ከፍጻሜው ሁለት ሳምንት በኋላ ባሕር ዳር ላይ የሴቶች ምልመላ ነበረ። አባታችን ደግሞ ሴት ልጅ ከቤቷ ውጭ ታድራለች ሲባል መስማት አይወድም። ዳንግላ ድረስ ሄጄ ለመንሁት።

«የት ነው የሚያድሩት?» አለኝ።

«ሰው ቤት ነው። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች፣ አንዲት የተከበሩ ባልቴት ቤት።»

«ሰው ቤት ከሆነ ይሁን። ይችን አንድ ሌሊት ልያት። ደህና አድራ ከተመለሰች ባሕር ዳርም ትሄዳለች። ካልሆነ ግን ዳግመኛ እንዳታነሽብኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አርፌ አልተቀመጥሁም። እያስተማርሁ ወረቀቴን ከኪሴ አወጣለሁ፤ እየበላሁ አወጣለሁ። ባልቴቷ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች ሰፊ ቤት ነበራቸው፤ ልጃቸውን አስተምሬያታለሁ። ገና ስጠይቃቸው «ቤት ለእንግዳ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ሜዳው በዝናብ ተጥለቀለቀና ፍጻሜው በሳምንት ተራዘመ። ሮጬ ሄድሁ። «በሳምንቱስ ይመችዎታል?» ብላቸው «ምን ቸገረ!» አሉኝ። ወረቀቴ ላይ የራይት ምልክት አደረግሁ። አንድም እንዳይረሳ ብዬ ደገምሁት።

በሳምንቱ እሑድ ግንቦት ሃያ አንድ ነው። የዚያች ማርያም ዓመታዊ ንግሥ ያን ዕለት መሆኑን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔ መጤዋ የምኖረው ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ ያስተዋልሁት ነገር የለም። ባልቴቷ ያውቃሉ። ግን እንግዳ ይዤ ልምጣ ላለ ሰው «ቤቴ ይሞላል» ማለት ከአፋቸው አይወጣም። እዚህ አገር እንግዳ ትቀበያለሽ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያን እሺታ እንደ ባዶ አልጋ ቆጠርሁት።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ገባ። ልጃገረዶቹን አስከትዬ ባልቴቷ ቤት ስደርስ አጥሩ ላይ ፈረሶች ታስረዋል። ለንግሡ ከዘንገና በኩል የመጡ ዘመዶች ቤቱን ሞልተውታል፤ አሮጊቶች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ልጃገረዶች።

«ግቡ፣ ግቡ! በር ላይ ምን ያስቆማችኋል?» አሉ ባልቴቷ።

ልጆቹ ገቡ። ወዲያው በሴቶቹ መካከል ተሰገሰጉ። እህቴ የማታውቀውን ሕፃን ታቅፋ ስትስቅ ይታየኛል። እኔ ግን ቆሜ እቆጥራለሁ። ሃያ ስድስት ሰው፤ አሥራ ሁለት ሲጨመር ሠላሳ ስምንት። ወጣሁ። ገብቼ እንደገና ቆጠርሁ። ይባስ ብሎ ሠላሳ ዘጠኝ ሆኑ።

ባልቴቷ ወደ ዘመዶቻቸው ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በአዊኛ ተናገሩ። ሴቶቹ ብድግ ብድግ አሉ፤ አንዷ ኩርፍ ብላ ጓዟን ጎተተች። አዊኛ አልሰማም። በእኛ የተነሳ ጠብ ተጀመረ ብዬ ፊቴ ጋለ። ወረቀቴን ሳየው ከግርጌው «መጠባበቂያ፦ አንድ ክፍል፣ ቁልፍ ያለው» ይላል። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

«እማማ፣ አይቸገሩ፤ ትምህርት ቤት ቦታ አለኝ፤ ልውሰዳቸው።»

«ወዴት?» አሉ። የሰሙትን ያመኑ አይመስሉም። «ምን በደልሁሽ፣ ልጄ? በማርያም ዋዜማ እንግዳ ከቤቴ ይወጣል?»

«ቦታ የለም እኮ፣ እማማ።»

«ቦታ ምን ያደርጋል! ተጠጋግቶ ይታደራል እንጂ።»

አልሰማኋቸውም። ልጆቹ እየተንቀራፈፉ ተነሡ፤ እህቴ ሕፃኑን ለእናቱ መልሳ ቀስ ብላ ወጣች። ባልቴቷ ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ። እንደተቀየሙኝ ገብቶኛል፤ በኋላ ይቅርታ እላቸዋለሁ ብዬ አለፍሁት። ለአባቴ ልነግረው ደጋግሜ ደወልሁ፤ ዝናቡ ሲጀምር ኔትወርኩ ጠፍቶ ነበር።

ክፍሉን አስጠረግሁ፣ ሰሌኑን አስነጠፍሁ። አንዲት አስተማሪ ጓደኛዬና እኔ ከልጆቹ ጋር ልናድር ተስማማን፤ ቁልፉ በእጄ ነው። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ ብዬ ተነፈስሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባቴ መጣ።

እሱም ቤቱ መቀመጥ አልቻለም ኖሯል፤ በሚኒባስ መጥቶ በቀጥታ ባልቴቷ ቤት ሄዷል። አስገብተው፣ አብልተው፣ የሆነውን ነግረውታል። ትምህርት ቤት ሲደርስ የእኛዎቹ ወንዶች ደጋፊዎች ግቢውን ሞልተው እየዘለሉ ይጨፍራሉ፤ የልጃገረዶቹ ክፍል ከእነሱ ሠላሳ እርምጃ አይሆንም። አባቴ ደጋፊዎቹን አየ፣ ሰሌኑን አየ፣ በእጄ ያለውን ቁልፍ አየ።

«ሰው ቤት አላልሽኝም?»

«አባዬ፣ ቤቱ ሞልቶ ነው። ሴትዮዋም በአዊኛ ሲቆጡ...»

«ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ?» አባቴ በአዲስ ቅዳም ገበያ ሲነግድ ነው የኖረው፤ አዊኛ እንደ አፍ መፍቻው ይናገራል። «‹የሰው ልጆች ናቸው፣ እንዳይበርዳቸው እሳቱ ዳር ያለውን ልቀቁላቸው› ነው ያሉት። ነግረውኛል፤ ከዕንባቸው ጋር። ከዚያ ሁሉ ሴት መካከል አውጥተሽ ነው እዚህ ያመጣሻት?»

እመልሳቸዋለሁ አልሁ፤ አሁኑኑ እመልሳቸዋለሁ።

«አንዴ ያስወጣሽውን እንግዳ በየትኛው ፊትሽ ትመልሻለሽ?» አለኝ። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ አፈሰስሁ፤ መልቀሙን አባቴ አልፈቀደልኝም። እህቴን ወደ መናኸሪያ ይዟት ሄደ፤ እኔም እየለመንሁ ተከተልኋቸው። አሥራ አንዱ ልጆች ክፍሉ ውስጥ ቀሩ፤ ምንም ሳይሆኑ አደሩ፤ ጧት ዳንግላ ዋንጫውን ሲያነሳ ከበሮውን ደለቁት። እኔ ሜዳው ዳር ቆሜ ማን እንዳገባ እንኳን አላየሁም።

እህቴ ባሕር ዳር አልሄደችም። ከዳንግላ ሁለት ልጆች ተመረጡ፤ ሁለቱንም በልምምድ ስታልፋቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ አዘና ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ ስንገናኝ ስለ ኳስ አናወራም። እሷ አልተቀየመችኝም፤ እኔ ግን ራሴን እስካሁን ይቅር አላልሁም። ስለዚያ ቀን የተናገረችኝም አንዴ ብቻ ነው፤ ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል፣ አባቴ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ሆኖ፣ እሷ ከኋላ በመስኮቱ ብቅ ብላ።

«እታለም» አለችኝ፣ «እኛ እኮ እዚያ ቤት ተመችቶን ነበር። የጨነቀሽ አንቺ ነሽ።»