የአባቴ የክርስትና ስም

የካሚዮን ሞተር ዳገት ሲከብደው የሚያሰማውን ጉርምርምታ ዛሬም ስሰማ፣ እጄ ሳላዘው የበሩን መወርወሪያ ይፈልጋል። ጣሊያን ከተማችንን በያዘበት ዘመን ኮልፌ ቀራንዮ ያደግን ልጆች ይህን ድምፅ ከሩቅ እንለየው ነበር፤ ከባሕር ዛፉ ጫካ በኩል ሲመጣ እናቶች ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ በር ቀርቅረው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ይቀመጡ ነበር።

አባቴን የወሰዱት በክረምት ነው። ዛፍ ቆርጦ የሚሸጥ ሰው ነበርና፣ ወታደሮቹ መጥረቢያውን ከትከሻው አውርደው ከሌሎች ቆራጮች ጋር ካሚዮን ላይ ጫኑት። ወዴት እንደ ሄደ የነገረን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እናቴ ከግቢ መውጣት ከለከለችን፤ ዝናቡ ሲወርድ እኔና እህቴ ጨለማው ቤት ውስጥ ተቀምጠን የግድግዳውን ጭቃ በጥፍራችን ስንፍቅ እንውል ነበር።

መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ አጎቴ ደምሴ በየሰንበቱ ይመጡ ጀመር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከሌላ እናት ተወልደው፣ ሌላ አገር አድገው፣ ከአባቴ ጋር የተገናኙት ሁለቱም ጎልማሳ ሆነው ነው። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ለወንድማቸው ፍትሐት እንዲደረግለትና ተዝካሩ እንዲወጣ። በእኛ ሥርዓት ካህን ለሞተ ሰው የሚጸልየው በክርስትና ስሙ ነው። የንስሐ አባታችን ከከተማ ሸሽተው ስለ ነበር፣ ስሙን የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች።

«ስሙን ስጪኝና ልሂድ» ይሏት ነበር።

«ምን ያደርግልዎታል ጋሼ?»

«ለነፍሱ ነዋ። እስከ መቼ ደጅ ታስጠኚያታለሽ? የምትደግሺው አጥተሽ እንደ ሆነ ጠላው ከእኔ ቤት ይመጣል።»

«ጠላውን እሱ ሲመጣ ይጠጣዋል። ወንድምዎ መቼ በጊዜ ቤቱ ገብቶ ያውቃል?»

አጎቴ ሳይፈልጉ ይስቁና፣ ወዲያው ፊታቸውን አጥቁረው ይነሡ ነበር።

ሁለቱም የሚፈሩት ኃጢአትን ነበር። እሳቸው የወንድማቸው ነፍስ ያለ ጸሎት እንዳትቀር ይፈሩ ነበር፤ እሷ ደግሞ በሕይወት ላለ ሰው የሙታን ጸሎት ማስደረግ በገዛ እጅ መቅበር ነው ብላ ታምን ነበር። እኛ ልጆቹ በመካከላቸው ተይዘን፣ ብናለቅስ እናታችንን የምናስቀይም፣ ብንጫወት አጎታችንን የምናሳዝን እየመሰለን፣ ዝም ማለትን ለመድን።

ሁዳዴ ሲገባ አጎቴ አንድ ካህን ይዘው መጡ። መምሬ ተክሌ የሚባሉ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሽማግሌ ነበሩ። መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ክርስቶስ ስለ እኛ መሞቱን፣ መቀበሩን፣ ሞትን ድል አድርጎ መነሣቱን፣ በእሱ ያመኑም በመጨረሻው ቀን ለሕይወት እንደሚነሡ ረጋ ብለው አስረዷት። እናቴ መሬት መሬቱን እያየች ሰማቻቸው።

«ትንሣኤን አምናለሁ አባ» አለች። «ግን ለመነሣት መጀመሪያ መሞት አለበት። እኔን ያቃተኝ እሱ ነው።»

መምሬ መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ። አጎቴ ግን በሩ ላይ ዞር ብለው «ነፍሱ ትፋረድሽ» አሏት፤ ለፋሲካም አልመጡም። ጎረቤቶች የትንሣኤን ሰላምታ ሲሰጧት በሙሉ ድምፅ መለሰችላቸው፤ ከዚያ የአባቴን ድርሻ ከድና አስቀመጠች።

ጣሊያን ወጥቶ እስረኞች ሲመለሱም አባቴ አልመጣም። ራሴን ንባብ አስተምሬ የሃይማኖት መጻሕፍት ማገላበጥ ስጀምር፣ እናቴ ተስፋንና እምቢታን አንድ አድርጋለች ብዬ ፈረድኩባት፤ ዛሬም ይህን ፍርድ አላነሣሁም። ነገር ግን ልጆቼን ስለ ትንሣኤ ሙታን ስጠይቃቸው ሳይደናቀፉ ይመልሱልኛል፤ በእነሱ ዘመን መንገዱ ክፍት ነው፣ የወጣው ሁሉ ማታ ይገባል፣ ትንሣኤ የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቁበት ምክንያት የላቸውም። ባያውቁት እመርጣለሁ።

እናቴ ስሙን የነገረችኝ ልትሞት ስትል ነው፤ ምን እንዳደርግበት ግን አላዘዘችኝም። በእሷ ፍትሐት ቀን የሁለቱንም ስም ለካህኑ ሰጠሁ። «ይኼኛው በሕይወት አለ ወይስ አርፏል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «አርፏል» አልኳቸው። እሷ በሕይወት ሳለች ይህን ቃል ከአፌ ማውጣት አልችልም ነበር።