ማኅበሩ ላይ ያላለቀው ትምህርት

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በአንድ ጥቅምት፣ ሸዋ ሮቢት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ትንሽ ሆቴል የነበራት አክስቴ በወባ ተኛች። ወሬው አዲስ አበባ ሲደርሰኝ ከጋዜጣው ሥራ ፈቃድ ወስጄ ወረድኩ። ደብረ ሲና ላይ የለበስኩትን ካፖርት ሮቢት ስደርስ አውልቄ በክንዴ ይዤው ነበር።

ጤና ጣቢያው ክኒን ሰጥቷታል። አልውጥም ብላለች።

«ለምን?» አልኳት።

«መሞቴ ላይቀር ሆዴን ለምን አቃጥላለሁ?»

ነገሩን ቀስ በቀስ አወጣሁት። ትኩሳቱ ሲጠናባት ከአልጋዋ ግርጌ ብርሃን የለበሰ ፊት አይታለች። እግዚአብሔር ነው ብላ አምናለች። አልፈራችም፤ እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር። በማግስቱ ግን የነፍስ አባቷ በማርያም ማኅበር ላይ ያስተማሩት ትዝ አላት፤ ሙሴ ክብርህን አሳየኝ ቢል፣ ሰው አይቶኝ በሕይወት አይኖርም ተባለ። እሷ ደግሞ አየች። ስለዚህ ለሠራተኛዋ ኑዛዜዋን ነግራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ትኩሳት ብዙ ነገር ያሳያል» አልኳት።

«የናንተ ጋዜጣ ያላየውን አየሁ ሲል ዝም ብዬ አነበው የለም? አንተም ዝም በለኝ።»

ወደ ቀወት ገጠር ሰው ላክን። የነፍስ አባቷ በቀትር ፀሐይ ጥላ ይዘው በእግራቸው መጡ። ከራስጌዋ ተቀምጠው እስክትጨርስ አዳመጧት፤ አንዴም አላቋረጧትም። ሥራዬ ሰው ማዳመጥ ነው፤ እንደሳቸው የሚያዳምጥ ግን ብዙ አላየሁም።

«ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት፣ አባ።»

«አዎ፣ ግን መቼ ጨረስኩ? ወጡ ቀዘቀዘ ብላችሁ አጣደፋችሁኝ። ከሁሉም የባስሽው አንቺ ነሽ፤ ድግሱ ያንቺ ነበር።»

በር ላይ የቆመችው ሠራተኛ ሳቀች።

ከዚያ የቀረውን ነገሯት። የእግዚአብሔርን ባሕርይ እንዳለ ያየ ሰው የለም፤ ሙሴም ዓለት ስንጥቅ ውስጥ ሆኖ ጀርባውን ብቻ አየ። ግን አብርሃም ከዛፍ ሥር ተቀብሎት ምሳ አቅርቦለታል። ያዕቆብም ሲታገለው አድሮ፣ ፊት ለፊት አየሁት፣ ነፍሴም ተረፈች ብሏል።

«ዐይን በሚችለው መጠን ይገለጣል። ያዕቆብ ሞተ?»

«አልሞተም።»

«አነከሰ እንጂ። እያነከሰ ከነልጆቹ መንገዱን ሄደ።»

አክስቴ፣ «ታዲያ እኔ ያየሁት እሱን ነው?» አለች።

አዎ ቢሏት ደስ ይላት ነበር። አይደለም ቢሏት ነገሩ በአጭሩ ያልቅ ነበር። ሁለቱንም አላሉም።

«እኔ አልነበርኩም። ያየሽውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ማንነቱን እሱ ያውቃል። እኔ የማውቀው፣ እሱን ያየ ሁሉ አልሞተም። ወባን ቸል ያለ ግን ብዙ ቀብሬአለሁ።»

ስንት ባለሥልጣን ጠይቄአለሁ፤ የሚያውቀው ባለቀበት ቦታ ላይ ቃሉን የሚያቆም ሰው ግን ብርቅ ነው።

አክስቴ ተነሥታ ተቀመጠች። በባዶ ሆድ አይሆንም ብላ እንጀራ አስመጣች። ጥቂት ጎርሳ ክኒኑን ዋጠችና ፊቷን አጨማደደች።

«ሬት ነው» አለች።

«ነገም አለልሽ» አሉ አባ፣ ለምሳ እጃቸውን እየታጠቡ።