የዘፈኔ መግቢያና የሳንጃው ሹፌር

የያዙኝ ሠርግ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ገና ከፎቶ አልተመለሱም። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ኪቦርዴን ዘርግቼ ገመድ ስሰካ ሁለት ሰዎች መጡና "አንድ ጊዜ እንፈልግሃለን" አሉኝ። "ሙሽራ ሊገባ ነው እኮ" ብላቸው አንደኛው ፈገግ ብሎ "ሙዚቀኛ ሞልቷል" አለኝ። ከሁሉም ያንገበገበችኝ ይህች ናት። ጎንደር ውስጥ ኪቦርድ እንደኔ የሚጫወት ማን ሞልቷል? ማኪናው ውስጥ ሲያስገቡኝ እንኳ የማስበው ስለ እስሩ ሳይሆን በኔ ቦታ ማንን እንደሚያስቀምጡ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ እንግዲህ፤ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ።

ጥፋቴን የነገሩኝ በኋላ ነው። ከወር በፊት ሌላ ሠርግ ላይ ያጀብኩት፣ መንግሥትን ይነካል የተባለ ዘፈን በሰው ስልክ ተቀርጾ ዞሯል። የዘፈነው ሌላ፣ ግጥሙን የጻፈው ሌላ። "ቃሉ ያንተ ባይሆንም ዜማውን አሳምረህለታል" አለኝ መርማሪው። በሙያዬ ከተነገሩኝ ጥቂት ምስጋናዎች አንዱ ይኸው ነው።

ክፍሉ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ገና ሲከፈት ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠው። የሲሚንቶ ወለል፣ ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት፣ በሩ ጥግ ክዳን የሌለው ባልዲ፣ አጠገቡ ቢጫ ጄሪካን። አሥራ ስምንት ሰው በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ ያየኛል። ቀበቶዬን ስለወሰዱብኝ በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዣለሁ። ለሠርጉ የለበስኩት ነጭ ሸሚዝ ገና አልቆሸሸም።

"ሙሽራው መጣ!" አለ አንዱ፤ ሳቁብኝ።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ ዕድሜያቸው የገፋ የጎንደር ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሰዉ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ከአጠገባቸው አስቀመጡኝና የቤቱን ሕግ ነገሩኝ።

"ልጄ፣ እዚህ መዝፈን ክልክል ነው። ባለፈው አንዱ ሁለት ስንኝ ቢያንጎራጉር ክፍሉ በሙሉ ሦስት ቀን ፀሐይ ተከለከለ። ለሁለት ስንኝ አሥር ትርጉም አወጡለት። ስለዚህ እኛ መግቢያ ብቻ ነው የምንጫወተው።"

"የምን መግቢያ?"

"የዘፈን ነዋ! ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት ያለውን። ቃል የለበትም። ቃል ከሌለው ማንን ይከሳሉ?"

በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከቆጠራ በኋላ፣ አንድ ሰው የአንድ ዘፈን መግቢያ በአፉ ይሠራል፤ የቀረው ዘፈኑን ይለያል። አዲስ የገባ ሰው ደግሞ እንደ ሌላው እስር ቤት የሻማ ብር ክፈል አይባልም፤ መግቢያ አምጣ ነው የሚባለው። ወይ መታደል፣ አልኩ በልቤ። ሃያ ዓመት የኖርኩበት ሥራ አይደል እንዴ!

የራሴን መረጥኩ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ግድም ለአንድ ድምፃዊ የሠራሁት ነው፣ እዚሁ ጎንደር። እሱ ካሴቱን አዲስ አበባ ወስዶ አሳተመው። አገር ጉድ አለ፤ ዘፈኑ ያልተከፈተበት ሠርግ የለም። ካሴቱ ላይ ግን ቅንብር ከሚለው ሥር የሌላ ሰው ስም ተጽፎ ወጣ። ስንት ሰው ያን መግቢያ በሰማ ቁጥር ከመቀመጫው ሲነሳ አይቻለሁ! "የኔ እኮ ነው" ስል ግን የሚያምነኝ የለም፤ ሚስቴ እንኳ "እሺ፣ ያንተ ነው" የምትለው እንዳልከፋ ብላ ነው። ይህን ቁስል ይዤ ነው የገባሁት።

እናም ጀመርኩ። ለካ የኔ ነገር ሁሉ ጣቴ ላይ ነው። አፌ ደረቀ፤ ቲሪሪ የምትል ቀጭን ነገር ብቻ ወጣች። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከመካነ ብርሃን የመጣ አንድ ገበሬ ነበር፣ ጎልማሳ ነው፣ ሁላችንም አያ እንለዋለን። እሱ ጺሙን አሻሸና "ምነው፣ ይህ የወፍጮ ድምጥ አይደለም?" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"ቆይ ቆይ" አለ ከወዲያ ጥግ አንድ ቀጭን ሰው። "እኔ ለይቼዋለሁ።"

የሳንጃ ከተማ ሹፌር ነው፤ በጭነት ማኪና ሰሊጥ ያመላልሳል። ከፊት አንድ ጥርሱ የለም። ተስተካክሎ ተቀመጠና ከበሮውን ደረቱ ላይ መታ፣ ቤዙን ከጉሮሮው አወጣ፣ የኔን ቁልፎች በዚያ በጥርሱ ክፍተት አፏጨ። ራሴን ሰማሁ! ብቻ መጨረሻው ላይ፣ ድምፃዊው ሊገባ ሲል፣ ቀጥ አለ። አንድ ትንፋሽ ያህል ጸጥታ። አሥራ ሰባቱም በአንድ አፍ የዘፈኑን ስም ጠሩት።

"እሰይ! ከመግቢያ ሁሉ ዋናው ይህ ነው" አሉ ሐጂ።

"ተሳስቷል" አልኩ። "እዚያ ጋ ማቆም የለም። ቀጥታ ነው የሚገባው።"

"በማቆሙ ነው ያማረው" አለ አያ።

"እኔ ነኝ እኮ የሠራሁት!"

"ምነው እንግዲያ የገዛ ልጅህን ስትጠራው ጠፋን?"

ደግሞ ሳቁብኝ። ሹፌሩ ግን አልሳቀም፤ ጣቶቼን ነበር የሚያየው። እኔ ደግሞ ይህን ንቀት አልኩት።

ከዚያ ወዲያ አሥር ሰዓት የሱ ሆነ። የማያውቀው መግቢያ የለም። ሳክስፎኖቹ ባንድ ላይ ግር ብለው የሚነሱበት አንድ የድሮ ዘፈን ሲሠራ ሐጂ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ የፈረንጅ ሮክ ደግሞ ነበረው። ጊታሩ ብቻውን ይነሳና ዳገት ላይ እንደ ተጫነ ማኪና ያጉረመርማል፤ ድራሙ ከኋላ መጥቶ ይገፋዋል። ፈረንጅኛ ሰምቶ የማያውቀው አያ ሳይቀር ራሱን ይነቀንቃል። ከየት እንዳመጣው ጠየቁት።

"የምነዳው ማኪና ፍላሽ አይቀበል፣ ያለው አሮጌ ቴፕ ነው" አለ። "እሱም ካሴት ይበላል። መግቢያውን ሸጋ አድርጎ ያሰማህና ዘፋኙ ሲገባ መንተባተብ ነው። ከሳንጃ ጎንደር ሽቅብ ስወጣ መግቢያ መግቢያውን እየመለስኩ ነው የኖርኩት።"

"ሸጋ መግቢያ ምን ዓይነት ነው?" አሉት ሐጂ።

"ሲጀምር የት እንዳለህ የምትረሳው።"

እኔ እርር ድብን አልኩ። ይህን ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ! ከመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ የምታርፍበትን ቦታ ለሱ ለቀቁለት። ስንቅ ከመጣ መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱ። ሰው በነጻነቱ ይቀናል፣ በሀብት ይቀናል፤ እኔ የመጋዘን ወለል ላይ ተኝቼ በአንድ ሰው የጥርስ ክፍተት ቀናሁ። ግድግዳ ለግድግዳ ተቀምጠን አፉን ሳይ እውላለሁ፤ በጎደለችው ጥርሱ ላይ ሌሎቹም በረገፉለት እላለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በዚያ ሳምንት ሹፌሩን ሁለት ጊዜ ለምርመራ ጠሩት። በሁለተኛው ሁለት ሲጋራ ይዞ ተመለሰ። እኔ ከአያ ጎን ነበርኩ፤ ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩ።

"አያ፣ ምነው እሱን ብቻ ሲጋራ አስይዘው የሚመልሱት?"

ይችን ብቻ ነው ያልኩት። ጆሮ ጠቢ ነው አላልኩም። የመግቢያ ሰው አይደለሁ? ጀምሬ ተውኩላቸው፤ ቃሉን ራሳቸው ጨመሩበት።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ሲሆን ሹፌሩ እንደ ልማዱ ደረቱን መታ መታ አድርጎ አንድ መግቢያ ሠራ። ሕፃን የሚያውቀው ዘፈን ነበር። ማንም አልመለሰም። "እንዴ! ጠፋችሁ?" ብሎ ደገመው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አያ ምንጣፉን ጎትቶ ፊቱን አዞረ። ሹፌሩ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አየና ሳቅ ለማለት ሞከረ። ከዚያ ተረዳው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፤ ዛሬም ይታየኛል። ማንም ሳይነግረው ተነስቶ ባልዲው ጥግ ሄዶ ተቀመጠ።

ሦስት ቀን ሙሉ አሥር ሰዓት መጣ፣ አለፈ፤ ቤቱ ድምጥ አልነበረውም። አሁን ደስ ይበልህ አልኩት ራሴን። አልሆነም። መግቢያዬን እኔ ስሠራው የሚሰማኝ ሰው የለም፤ እሱ ሲሠራው የሚሰማበት ሰዓትም ጠፋ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እሱ ራሱ ወደኔ መጣ። ሲቀመጥ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የተቀመጠው፤ ይህን ከዚያ በፊት አላስተዋልኩም። ያስቀራትን ግማሽ ሲጋራ አወጣና ዘረጋልኝ።

"ማን ነው ሲጋራ የሚሰጥህ?" አልኩት። ዓይን አውጣ ነኝ።

"ዘበኛው። ያገሬ ልጅ ነው፤ ከምርመራ ስወጣ አይቶ አዘነልኝ። ማኪናውን የት እንዳቆምክ ተናገር ነው የሚሉኝ። የሰው ማኪና ነው፤ እንዴት ብዬ እናገራለሁ?" ሲጋራውን እንደዘረጋ "ያ መግቢያ ግን ያንተ ነው፣ አይደል?" አለኝ።

"ማን ነገረህ?"

"ጣትህ። እኔ ስሠራው ጉልበትህ ላይ ይሄዳል፤ ሁልጊዜም ይቀድመኛል። የሰማ ሰው ይከተላል እንጂ አይቀድምም።"

"ምነው ያን ለት ሳትናገርልኝ?"

"ሰዉ ስቆ ነበራ። ከገባሁ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም።" ደግሞ በክፍተቱ ፈገግ አለ። "ማቆሟን ግን አልተውልህም። እዚያች ቦታ ላይ ካሴቴ ይያዛል፣ አንድ ትንፋሽ ያህል። ለምጃት ቀረሁ።"

አሥራ አምስት ዓመት አንድ ሰው እንዲያምነኝ ስፈልግ ኖሬ ያመነኝ እሱ ሆነ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ሲጋራውን አልተቀበልኩትም፤ ያስለኛል አልኩት።

የዚያን ለት ከቆጠራ በኋላ ተነሳሁ።

"ሐጂ፣ ዛሬ ተራው የኔ ነው።"

"በል።"

"ስለ ሹፌሩ የተወራው ውሸት ነው። የጀመርኩት እኔ ነኝ። ምንም የማውቅበት የለም።"

ሐጂ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። "ለምን ብለህ?"

"ቀንቼ።"

"በምኑ?"

"በአፉ።"

የሳቀ የለም። አያ ብድግ ብሎ "አንተ ሰውዬ፣ እኔንም ከኃጢአትህ ከተትከኝ እኮ!" አለና ተመልሶ ቁጭ አለ። ሐጂ እጃቸውን ወደ ባልዲው ጥግ ዘረጉ። "ቦታ ተለዋወጡ። ባልዲውንም እስክትወጣ አንተ ትደፋለህ።" እሺ አልኩ። ብርድ ልብሴን ይዤ ስሄድ ሹፌሩም የሱን ይዞ ይመጣል፤ ክፍሉ መካከል ተላለፍን። አላየኝም። ሰውየው በኔ ቃል ሦስት ቀን ሽታ ላይ ተቀምጧል፤ ለምን ይየኝ?

በኔ ቦታ ብርድ ልብሱን አንጥፎ ተቀመጠ። ከዚያ ደረቱን መታ። የኔ መግቢያ ነበር። እስከዚያች እስከሚያቆምባት ድረስ አደረሰውና ቀጥ አለ። ጠበቅን። አልቀጠለም።

"ባለቤቱ ይጨርሰው" አለ፣ ሁሉም እየሰማ።

ባልዲው አጠገብ ቆሜ፣ በዚያ በደረቀ አፌ፣ ጨረስኩት። ጸጥ ብለው ሰሙኝ።

"ምነው፣ አሁንም ወፍጮ ነው እኮ" አለ አያ። ሐጂ ናቸው መጀመሪያ የሳቁት።

ከሳምንት በኋላ ሹፌሩን "ዕቃህን ይዘህ ውጣ" አሉት። ሲወጣ ለሁሉም እጁን ሰጠ፤ ለኔም። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። እኔ ከወጣሁ በኋላ ሳንጃ ለሠርግ ሄጄ አጠያይቄያለሁ። የሚያውቁት አሉ፤ የት እንዳለ የሚያውቅ ግን አላገኘሁም።

ዛሬም ያን ዘፈን ስጫወት እዚያች ቦታ ላይ እጄን ከቁልፉ አነሳለሁ። አንድ ትንፋሽ። እስክስታ የሚመታው ሁሉ ትከሻውን እንዳነሳ ይቀራል፤ ከዚያ ድንኳኑ ይናጋል። በቀደም ኮሶዬ በአንድ ሠርግ ላይ አንድ ወጣት ድምፃዊ ዘፍኖ ሲጨርስ መጣና ትከሻዬን ይዞ "ጋሼ፣ መግቢያው ድሮም የታወቀ ነው፤ ይችን ጸጥታ ግን ማን ጨመራት? ከሁሉም እሷ ትበልጣለች!" አለኝ።

እኔ ነኝ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ማን ያውቅብኛል?

"የሳንጃ ሹፌር ነው" አልኩት። ስናገረው አሁንም አንጀቴ ያርራል።