ኛጃል ስትቀጥን

ይህ የሆነው አምና፣ ጋምቤላ ማንጎ መብሰል በሚጀምርበት የሙቀት ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው መንገድ ላይ አግኝቶኝ "ቀጥነሻል፣ አምሮብሻል" ሲለኝ ደስ አይለኝም። ምክንያቱን ለብዙ ሰው አልተናገርኩም፤ ዛሬ ግን ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

የአማርኛ መምህርት ነኝ። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የመጣሁት በሥራ ዝውውር ነው። የተከራየሁት ቤት ኒውላንድ ሰፈር ሲሆን፣ የግቢ ጎረቤቴ ኛጃል የምትባል የኑዌር ልጅ ነበረች። ኩሌ የስደተኞች መጠለያ በሚሠራ አንድ ድርጅት ተቀጥራ ጠዋት በመኪና ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። በመጀመሪያው ሳምንት የውሃ ጀሪካኔን ተሸክማ ቤቴ ድረስ አስገባችልኝ፤ በዚያው ጓደኛሞች ሆንን። ስሜን ጠርታኝ አታውቅም። "ቲቸር" ነበር የምትለኝ።

ኛጃል ተማሪ ሳለች ጎበዝ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበረች። ሥራ ከያዘች በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እየዋለች ወፈረች። አንድ ቀን ከሰፈር ልጆች ጋር ልትጫወት ገብታ ወዲያው እያለከለከች ወጣች። "ቲቸር፣ እኔ አልወፈርኩም" አለችኝ፤ "ሜዳው ነው የረዘመው።"

በዚያው ሰሞን የከተማው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ሊቋቋም መሆኑን ሰማች። ቡድኑ ውስጥ መግባት ፈለገች። ብቻዬን አልችልም፣ አብረን ክብደት እንቀንስ አለችኝ። እኔም ቀሚሶቼ ጠበውኝ ስለነበር እሺ አልኳት።

ጎህ ሲቀድ ተነስተን እስከ ባሮ ድልድይ በፍጥነት እንራመዳለን፤ ፀሐይዋ ሳትከር እንመለሳለን። ምግብ ቀነስን። ለስላሳ ተውን። ስኳርንም ጨርሶ ተውን፤ ከሁሉም የከበደን እሱ ነው። የአጎቷ ልጅ ከጁባ ሲመጣ ስኳርን የሚተካ ክኒን አመጣላት። ከአውራ ጣት የማይበልጥ ነጭ ዕቃ ነው፤ ጫን ሲሉት አንዲት ደቃቅ ክኒን ጠብ ታደርጋለች። ሻይ ያጣፍጣል፣ ግን ምላስ ላይ እንደ ብረት ያለ ነገር ይተዋል። እኔ አልወደድኩትም። ኛጃል ግን ከቦርሳዋ አትለየውም ነበር።

እናቷን ማማ እያልን ነው የምንጠራቸው። ሌሎቹ ልጆቻቸው ጁባ ናቸው፤ አብራቸው የቀረችው ኛጃል ብቻ ነበረች። ማማ አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ዓሣ ሲሸጡ ነው። ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላሉ። ክኒኑን ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል።

"ይሄ የውሸት ስኳር ነው" ይላሉ። "ሰው በውሸት ምግብ ይኖራል?"

"ማማ፣ ቆንጆ ልሆን ነው" ትላቸዋለች ኛጃል እየሳቀች።

"እኛ ከጦርነት ስንሸሽ ቀጭን ነበርን። ማን ቆንጆ አለን?"

ኛጃል እናቷን አቅፋ ትስማቸዋለች፤ ነገሩ በሳቅ ያልፋል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለታችንም ትንሽ ትንሽ ቀነስን። ከዚያ የእኔ ቆመ፣ የእሷ ግን ባሰ። ቀሚሷ ወለቅ ወለቅ ይልባት ጀመር። ቀበቶዋን በምስማር እየበሳች ታጠብቃለች። መሥሪያ ቤቷ ያሉ ሴቶች ምስጢሩን ንገሪን ይሏት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መዘምራኑ በመገረም ያዩአታል። እኔም አደንቃት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀናሁም።

በጣም ይጠማት ነበር። ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዛ ትወጣለች፤ ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ያልቃል። ግን በጋምቤላ ሙቀት የማይጠማው ማን አለ? ወደ ኩሌ ሲሄዱ በየመንገዱ መኪና አስቁማ ስለምትወርድ ሹፌሩ እንደሚነጫነጭባት እየሳቀች ነገረችኝ። ውሃ የጠጣ ሰው ሽንቱ ይመጣል፤ እኔም ከዚህ ያለፈ አላሰብኩም። ደከመኝ ስትል ስፖርቱ ነው አልን። ራበኝ ስትል ደግሞ በርቺ፣ ቻይው አልን።

አንድ ጠዋት ጠጋ ብላ ስታወራኝ አፏ የበሰለ ማንጎ ሸተተኝ። ማንጎ ደግሞ ጣፋጭ ነው ብለን ከተውናቸው ነገሮች አንዱ ነበር።

"ዛሬ ደብቀሽኝ ማንጎ በልተሻል" አልኳት።

"አልበላሁም ቲቸር፣ እግዚአብሔርን።"

ሁለታችንም ሳቅን። እየተጎተተች ነበር የምትራመደው፣ ግን ሳቀች።

ቡድኑ ተቀበላትና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኒውላንድ ሜዳ ላይ ተጫወተች። ማማም መጥተው ከልጆች ጋር ዳር ቆሙ። መጀመሪያ ላይ ኛጃል እንደ ድሮዋ ነበረች፤ ረጅም እጇን ዘርግታ ኳሷን ከሁሉም በላይ ትቀልባለች። አንድ ስታስገባ ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ከኋላዬ የነበረ ሰው "ይህቺ ልጅ ምን በልታ ነው እንዲህ የቀለለችው?" ሲል ሰማሁ። ጨዋታው ሳይጋመስ ግን እጇን አንስታ ወጣች። ጥላ ስር ተቀምጣ አስመለሳት። ዓይኔ ብዥ አለብኝ አለችኝ።

ወባ ነው ብለን በማግስቱ ክሊኒክ ወሰድናት። ደሟን አይተው ወባ የለም አሉን። የሆድ ሕመም ይሆናል ተብሎ መድኃኒት ተሰጣትና ተመለስን። ሰኞ ሥራ አልሄደችም። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል ማማ በሬን መቱ።

"ኛጃል አይነሳም" አሉኝ።

ሮጬ ገባሁ። ፍራሹ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ትንፋሿ ሩቅ መንገድ እንደሮጠ ሰው ጥልቅና ፈጣን ነው። ስጠራት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ጨፈነች። ባጃጅ ጠራሁ። ማማ ጭንቅላቷን ታቅፈው፣ እኔ እግሯን ይዤ ሆስፒታል ደረስን።

ወጣት ሐኪም ነበር የተቀበለን። ጎንበስ ብሎ ትንፋሿን አሸተተና ቀና አለ።

"ስኳር አለባት?" አለኝ።

"የለም፣ የለም" አልኩት፤ "ስኳር ከተወች ብዙ ጊዜ ሆኗታል።"

ሐኪሙ ትክ ብሎ አየኝ። ጣቷን ወግቶ ደሟን መሣሪያው ላይ አደረገ። መሣሪያው ቁጥር እንኳ አላሳየም፤ ከምችለው በላይ ነው ብሎ ምልክት ሰጠ። ያን ጊዜ ነው ጥያቄው የገባኝ። የጠየቀኝ ስለ ስኳር በሽታ ነበር።

ግሉኮስ የሌለበት ውሃ በደም ሥሯ ሰጧት፣ ኢንሱሊን ወጓት። ሐኪሙም ነርሶቹም ከአጠገቧ አልጠፉም። ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጠች። ማማን በኑዌርኛ አንድ ነገር አለቻቸው። እኔን አየችኝና "ቲቸር፣ ክፍልሽን ለማን ትተሽ ነው?" አለች። ለሷ መጨነቄን ትቼ ደስ አለኝ፤ ዳነች ብዬ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ልቧ ቆመ።

ቀብሯ ላይ መዘምራኑ በኑዌርኛ ዘመሩ። የቡድኑ ልጆች ማልያቸውን ለብሰው መጡ። እኔ የቆምኩበትን አላውቅም ነበር።

ለቅሶተኛው ከተበተነ በኋላ አንድ ቀን ማማ ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ስር ተቀምጠው ጠሩኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ኛጃልን ያ የውሸት ስኳር ነው የገደለው?" አሉኝ።

"አይደለም ማማ። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ክኒኑ አይደለም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

"ኛጃል አለቀ። አጥንቱ ወጣ። እኔ ፈራሁ። ማታ ሻይ ሳፈላ እውነተኛ ስኳር ደብቄ እጨምር ነበር። እሱ በላዩ ያንን ክኒን ጨምሮ ይጠጣል፤ አያውቅም። አሁን ሰው ሁሉ ስኳር ነው የገደለው ይላል።" እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "እኔ ነኝ?"

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። አይደለም ማማ፣ አይደለም እያልኩ እጃቸውን ያዝኩ። እሳቸው ግን ፊቴን እያዩ ነበር፤ አዝኜላቸው የምዋሽ መስሏቸዋል። ስለዚህ በማግስቱ ይዣቸው ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ አስታወሰን። ኑዌርኛ የምትናገር ነርስ ጠርቶ በሩን ዘጋና ከማማ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

"እናቴ፣ እርስዎ አልገደሏትም" አለ። "ሻዩ ውስጥ የጨመሩት ስኳር ይህን በሽታ አያመጣም። ክኒኑም አያመጣም፣ ስፖርቱም አያመጣም። ሆዳችን ውስጥ ቆሽት የሚባል አለ። የልጅዎ ቆሽት ሥራውን አቆመ። እሱ ሲያቆም የሚበሉት ምግብ ለሰውነት አይደርስም። ሰው እየበላ ይከሳል።"

ነርሷ ቀስ እያለች ተረጎመችላቸው። ማማ አዳምጠው ሲጨርሱ በአማርኛ "ስለዚህ ኛጃል እየበላ ይርበው ነበር?" አሉ።

"አዎ እናቴ" አለ ሐኪሙ።

ማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚያ ሲያለቅሱ አላየሁም።

ስንወጣ ወደኋላ ቀረት ብዬ፣ ቀድመን ብናመጣት ኖሮ ትድን ነበር ወይ ስል ሐኪሙን ጠየቅኩት። ስትመጡ ሰውነቷ በጣም ተጎድቶ ነበር፤ በጊዜ የታወቀላቸው ብዙ ሰዎች ግን በየቀኑ መርፌ እየተወጉ ይኖራሉ፣ ይሠራሉ፣ ኳስም ይጫወታሉ አለኝ። ውሃ ጥሙና ድንገት መክሳቱ ምልክቶች ነበሩ አለኝ። ያ የማንጎ ሽታም ጭምር። ይህንን ለማማ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ይህን ብቻዬን ይዤዋለሁ።

አሁን ተማሪዎቼ መካከል ውሃ ቶሎ ቶሎ የሚጠጣ፣ በየደቂቃው ለሽንት የሚያስፈቅድ ልጅ ካየሁ ወላጁን አስጠርቼ አስመርምሩት እላለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ኛጃልን ግን አይመልሳትም፤ ጠዋት ጠዋት በሯ ሲከፈት የምሰማ እየመሰለኝ ዛሬም እነቃለሁ።

ማማ ጁባ ካሉት ልጆቻቸው ጋር እንዲኖሩ ቢለመኑም እምቢ ብለዋል፤ ልጄን ብቻዋን ትቼ አልሄድም ብለው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከዛፉ ስር አብረን እንቀመጣለን። ስለ ገበያው፣ ስለ ሙቀቱ እናወራለን። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ይላሉ። ምን ሊሉኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

"ያን ሐኪሙ የነገረኝን ንገረኝ" ይሉኛል።

እነግራቸዋለሁ። ስኳሩ አይደለም ማማ፣ እርስዎ አይደሉም እላቸዋለሁ። እሺ ይላሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በሚቀጥለው እሑድ ግን መልሰው ይጠይቁኛል። አንድም ቀን ሰልችቶኝ አያውቅም። የሚያምኑበት ቀን ይመጣ እንደሆነ አላውቅም፤ እስከዚያው ግን እነግራቸዋለሁ።