ካራ ላይ የተከፈተብኝ የሙከራ ቀን

ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም። ዕድሜዬን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ኖሬ፣ ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ አንድ ደንበኛ ጥሎት የሄደውን ላፕቶፕ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ነው የተማርኩት። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች ያቃታቸውን ይዘው ቀበና ሱቄ ሲመጡ፣ “ማን አስተማረዎት?” ይሉኛል። “እጄ” እላቸዋለሁ።

በነፃ የሚታደለውን፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሰፈራችን ያስገባሁትም እኔ ነኝ። የሚሠሩት በየአገሩ የተበተኑ ፈቃደኞች ናቸው፤ አዲስ እትም ከመውጣቱ በፊት ሰው እንዲሞክርላቸውና የተበላሸውን እንዲነግራቸው ይጠይቃሉ። ጥሪው በመጣ ቁጥር ሱቄ ውስጥ የሙከራ ቀን አዘጋጃለሁ። ዕቃውን ወደ ግድግዳ ገፍቼ አግዳሚ እደረድራለሁ። ሾፌሩም፣ ባለሱቁም፣ ተማሪውም አሮጌ ላፕቶፑን አቅፎ ይመጣል፤ አዲሱን እትም በፍላሽ እጭንለታለሁ። “ጋሼ፣ ድምፅ የለውም!” ሲሉ እደርሳለሁ። “ጋሼ፣ ስክሪኑ ጠቆረ!” ሲሉ እደርሳለሁ። ሁሉንም አስተካክዬ እሸኛለሁ። ለጉራ አይደለም፤ ምስክር ሞልቶኛል።

ከዚያ ልጅቷ መጣችብኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቢሮ የምትሠራ ልጅ። ሁለት ጊዜ ያህል የኔ ሙከራ ላይ ተገኝታ፣ ጥግ ይዛ ደብተር ላይ ስትጭር አይቻታለሁ። አንድ ቀን ካራ ላይ፣ ቸርቿ በፈቀደላት የስልጠና ክፍል የራሷን የሙከራ ቀን እንደከፈተች ሰማሁ። ሳቅሁ። ካራ ድረስ ማን ይሄዳል?

ሄዱ። ቀጥሎ ባዘጋጀሁት ቀን አግዳሚዎቼ ላይ ሦስት ሰው ተቀመጠ፤ ከነሱም አንዱ ቻርጀር ሊገዛ የመጣ ነበር። ከማንም ቀድሞ የሚመጣው የታክሲ ሾፌር እንኳ ቀረ። በሳምንቱ መንገድ ላይ ያዝኩት።

“የት ጠፍተህ ነው?”

“ካራ ነበርኩ ጋሼ። እዛ እኮ እኛም እንሠራለን።”

“እኔ ጋስ ምን ታደርግ ነበር?”

“እርስዎ ጋማ እርስዎን እናያለን!” ብሎ ሳቀብኝ።

የባሰው በኋላ መጣ። አዲሱ እትም ሲወጣ ለሞካሪዎች በወጣው የምስጋና ዝርዝር ላይ የልጅቷን ስም አየሁ። የኔን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፤ የለም። ምን ሠርታ ነው ብዬ ሳነብ ደሜ ፈላ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ ማሽኑ ከተቆለፈ፣ ፓስወርዱ በአማርኛ ፊደል ይገባና አልከፍትም ይላል። የሚታየው ነጠብጣብ ብቻ ስለሆነ ሰው ፓስወርዱን የረሳ ይመስለዋል። ይህን ከሷ ዓመታት ቀድሜ አውቀዋለሁ! የትኞቹን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው እንደሚያልፉት ሰፈሩን ሁሉ ያሳየሁት እኔ ነኝ። እሷ ለፈቃደኞቹ ጻፈችው፣ በቃ። እነሱም ከሥሩ አስተካከሉት፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ብሎ ሱቄ የሚመጣ ሰው አጣሁ።

እሁድ እንጦጦ ማርያም ልሳለም ወጥቼ፣ ቁልቁለቱን በልቤ ከልጅቷ ጋር ስከራከር ወረድኩት። በሐሳቤ እንኳ አላሸነፍኳትም።

በሚቀጥለው የሙከራ ቀኗ ከመገናኛ ሚኒባስ ይዤ ካራ ሄድኩ። የሄድኩት ልሰልል ነው። ክፍሉ ጢም ብሏል። ያ ሾፌር ፊት ወንበር ላይ ተኮፍሷል።

“ጋሼ! እንኳን መጡ! እባካችሁ ቦታ ልቀቁላቸው” ብላ ተነሣችልኝ። ማክበሯ ይበልጥ አናደደኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥታ ከአንዲት የጨርቅ ነጋዴ አጠገብ አስቀመጠችኝ። የሴትዮዋ ላፕቶፕ ኢርፎኑ ሲነቀል ድምፁ ጭራሽ ይጠፋል። እጄ ሳላዘው ወደ ኪቦርዱ ሄደ።

“ጋሼ፣ እንዳይነኩት!” አለች ልጅቷ ከወዲያ ጫፍ።

“የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው!”

“አውቃለሁ። ለዛ እኮ ነው። አሁን ካስተካከሉት የሚድነው የሳቸው ብቻ ነው። መጀመሪያ ይጻፉት።”

“አንቺ መቼስ መጻፍ ታውቂበታለሽ። እኔ ያገኘሁትን የኪቦርድ ብልሽት ጽፈሽ አይደል የተመሰገንሽው?”

ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ልጅቷ አልተቆጣችም።

“ከእርስዎ ነው ያየሁት። ቀበና መጥቼ ስምዎን አብሬ ላስገባ ብልዎት፣ ‘እኔ ጠጋኝ ነኝ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም’ አሉኝ። ረሱት ጋሼ?”

አልረሳሁትም። ሰው እየሰማ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር ያልኩት። ያን ቀን ሱቁ በሙሉ ስቆልኛል።

ጻፍኩ። የማሽኑን ዓይነት፣ ምን እንዳደረግን፣ ምን እንደጠበቅን፣ ምን እንደሆነ። በየመሐሉ እጄ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፤ እመልሰዋለሁ። ሙያዬን የነገርኳት ነጋዴ፣ “አባቴ፣ ቴሌቪዥን ከዚህ ይቀላል መሰለኝ” እያለች ትስቅብኛለች። ሪፖርቴ ሁለት ገጽ ሞላ፤ ከክፍሉ ሁሉ ረጅሙና ጥሩው የኔ ነበር። ልጅቷ ቆማ አነበበችው።

“ጋሼ፣ እንዲህ የጠራ ሪፖርት አይቼ አላውቅም።”

ደስ አለኝ። ከሷ አፍ መስማቴ ግን ጎረበጠኝ።

“ቀጣዩ ሙከራ ቀበና ነው፣ እኔ ጋ” አልኳት ድንገት። እንድትከራከረኝ፣ እምቢ እንድትለኝ ተዘጋጅቼ ነበር።

“እሺ ጋሼ” አለች ወዲያው። “ለብዙ ሰው ይቀርባል። ወረቀቱን እኔ ይዤ እመጣለሁ።” ብላ ወደ ሌላ ሰው ዞረች።

ቀኑን አስመለስኩ። ግን እሷ በኔ ቦታ ሆና እንዲያ ብትለኝ፣ እኔ እሺ አልላትም ነበር። ከስሟም፣ ከሞላው ክፍሏም ይልቅ ዛሬ ድረስ የምቀናባት በዚያች “እሺ” ነው።